የግድ አገልግሎትና የሁዳዴ ወተት

የካቲት 18 ቀን 1977

ሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ስሰፋ ዋልሁ። የሱዳኗ ገዳሪፍ ዛሬ ነፋስ የላትም። ማታ ልጄ ኮከብ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ "አባየ፣ ግዴታ ሆነ" አለችኝ። ምኑ? የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሁሉ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት ስደተኞች ካምፕ ሄዶ ረሃብተኛ ያገልግል! ያላገለገለ ፈተና አይቀመጥም።

ሚስቴን በለጡን የወሰደብኝ የዚያ ካምፕ ተቅማጥ ነው። ሙት ዓመቷን እንኳ አላወጣሁም... አሁን ደግሞ ልጅቱን? በግድ የሚሰጥ ምጽዋት ምን ምጽዋት ነው?

የካቲት 21

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ መምህር ስለሺ ዘንድ ሄጄ ጮኽሁ።

"ሳይገደድ ማን ይሄዳል፣ አቶ ካሣ?"

"የሚወድ ይሄዳላ!"

"እስካሁን የወደደ አዩ?"

ይብሱን ተናደድሁ። ጎረቤቴ ባለሱቁ ሙሐመድኑር ሳቀብኝ። "ጾም ላይ ነኝ ትላለህ፤ ወላሂ ምላስህ ሥጋ እየበላ ነው።"

መጋቢት 2

ኮከብን የካምፑ ሎሪ ወሰዳት። ለከሱ ሕፃናት ወተት ማጠጣት ነው ሥራዋ። ስትመለስ ልብሷ ወተት ወተት ይላል። በሁዳዴ! "ቀመስሽ ወይ?" ብዬ ጮኽሁባት። "ሙቀቱን በእጄ ጀርባ ነው የማየው" አለች። አልቅሳ ተኛች።

ምን ሆኛለሁ?

መጋቢት 5

ወላጆችን ሰብስቤ ትምህርት ቤቱ ገባን። ግዴታው ይነሣ አልን። ከሁሉ በላይ የጮኽሁት እኔ።

መጋቢት 9

"ካምፑ ውስጥ አንዲት ልጅ አለች" አለችኝ ኮከብ። ስምንት ዓመቷ፤ ክንዷ እንጨት። እናቷ ወለተ ማርያም ኩባያውን ከአፏ ትመልሳለች። "ሰባት ዓመት አልፏታል፣ ጿሚ ናት። ልትሞትብኝ ስትል ከእግዜር አላጣላትም።" ኸዋጃዋ፣ ያቺ ፈረንጅ ነርስ፣ የአገራችንን ጾም ከየት ታውቀው? ልጅቱ ወተት አትወድም ብላ አለፈቻት።

"አባየ፣ ምን ልበላት?"

ወተት ሸተትሽ ብዬ የጮኽሁባት ልጅ... እኔኑ ትጠይቀኛለች።

መጋቢት 10

ቄስ ጋረደውን ከቤታቸው አስነሣሁ። "የታመመ ምን ጾም አለበት! ይኸን ሳታውቅ ነው እስካሁን የምታስቀድስ?" ብለው ተቆጡኝ። አውቅ ነበር። በአህያ ጋሪ ይዣቸው ካምፕ ሄድሁ። ልጅቱን መስቀል አሳልመው፣ "ፈትቻታለሁ። ኃጢአት ከሆነ በኔ" አሏት እናትየዋን። ልጅቱ ኩባያውን ለመያዝ አቅም አጣች። ኮከብ ያዘችላት።

ጠጣች። ጥቂት።

መጋቢት 16

ግዴታው ተነሣ። "እንኳን ደስ አለዎት" አለኝ መምህር ስለሺ፤ ፊቱን አዙሮ። ኮከብ ግን ነጠላዋን ለብሳ ወጣች።

"ቀርቷል እኮ!"

"ልጅቱስ?"

ብቻዋን ተሳፍራ ሄደች።

መጋቢት 19

ተከትያት ሄድሁ። ያን ሁሉ ሕፃን የሚያጠጡት ነርሷና ኮከብ ብቻ ናቸው። ዳር ያሉት ተራ ሳይደርሳቸው ወተቱ ቀዘቀዘ፤ ዝንብ ወረሰው። የሚወድ ይሄዳላ... ያልሁት እኔ! የታሉ የሚወዱት?

ማታ ዳምጤን አገኘሁት። ያን ቀን አብሮኝ የጮኸው። "ልጅህስ?" አልሁት። "ኳስ ሜዳ ነዋ። ግዴታ አይደል!" ይስቃል። ልመታው ምንም አልቀረኝ። እሱን ነው ወይስ ራሴን?

አቤቱ፣ አፌን ምነው ያን ቀን በዘጋህልኝ።

ሚያዝያ 7፣ የፋሲካ ማግስት

ከኮከብ ጋር ሄድሁ። ኩባያ ያዥ ሆኛለሁ፤ በእጄ ጀርባ ሙቀት ማየት ለምጃለሁ። ልጅቱ ዛሬ ኩባያውን በራሷ እጅ ያዘች። ጠጥታ ስታበቃ ጭላጩን ወደኔ ገፋችው። "አንተም ጿሚ ነበርህ አይደል? በል ፍታ።" እናቷ ሳቀች። ከንፈሬን አስነክቼ መለስሁላት።

ነገ መምህር ስለሺ ዘንድ እሄዳለሁ። ግዴታው ይመለስ እለዋለሁ። ይሳቅብኝ። ዳምጤም ይስደበኝ። ማን ወዶ፣ ማን ተገዶ እንዳጠጣት ልጅቱ አልጠየቀችም።

ንዴቴ አልበረደም። ሎሪው ላይ ዛሬም እኔና ኮከብ ብቻ ነበርን።