አባባ ሰርፀ ለእንግዳ በመነሳታቸው ስለደረሰብን ቅጣት

ለተከበራችሁ የአረጋውያን የቤት ውስጥ እንክብካቤ ምዘና ቢሮ ኃላፊዎችና ሠራተኞች በሙሉ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ በያላችሁበት ይድረሳችሁ። ጤናችሁ እንዴት ነው? ወገባችሁስ? ጉልበታችሁስ? የምጠይቃችሁ መልሱን ልጽፍባችሁ አይደለምና ሳትሳቀቁ መልሱልኝ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ይህችን «ደህና ነን» ግን አደራችሁን ፋይላችን ውስጥ እንዳታስገቧት፤ ጣጣው ሁሉ የመጣብን ከእሷ ነው።

ወይዘሮ ውባየሁ እባላለሁ። የምኖረው በእናንተው አገር ኖርክሮስ ነው፤ ደንዉዲ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። ባለቤቴ ሀብታሙ ትራክ ስለሚነዳ ቤት የሚገኘው ቅዳሜና እሁድ ነው። አባቱ አባባ ሰርፀ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ሲሆን ከእኛው ጋር ይኖራሉ። ጉልበታቸው ከከዳቸው ቆይቷል፤ ከወንበር የሚነሱት በሰው፣ ሻወር የሚገቡት በሰው፣ ካልሲ የሚያጠልቁት በሰው ነው። ያም ሰው እናንተው የፈቀዳችሁልን ረዳት፣ የምስራች ናት። እኔ ሥራ በምውልባቸው ቀናት ሁሉ አብራቸው ትውል ነበር። «ነበር» ማለቴ፣ ባለፈው ላካሄዳችሁልን ምዘና ምስጋና ይግባውና፣ አሁን የምትመጣው ረቡዕ ጠዋት ብቻ ስለሆነ ነው። በቀሩት ቀናት አባባ ብቻቸውን ሶፋ ላይ ይውላሉ፤ እኔም የሰው አልጋ እያነጠፍኩ ልቤ ቤት ይውላል።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

፩. የላካችኋት መዛኝ ሚስ ካሮል ሸጋ ልጅ ናት፤ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ መግባቷን አባባ እስከ ዛሬ ያነሱታል። ጥፋቷ እንግዳ ሆና መግባቷ ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ሲገባ ብድግ ተብሎ «ኖር!» ይባላል፤ የገባውም ሰው «በእግዜር» ብሎ ካላስቀመጠ መቀመጥ የለም። እናም ጠዋት ከአልጋ ለማውረድ እኔና የምስራች የምንተጋገዝባቸው ሰው፣ ሚስ ካሮል ብቅ ስትል እንደ ወታደር ቀጥ ብለው ቆሙ። ጉልበቱን ከየት እንዳመጡት ጌታ ይወቅ። እሷ ደግሞ «በእግዜር» እንድትል ማን ነግሯት? እሷ ቆማ ትጽፋለች፣ እሳቸው ቆመው ይጠብቃሉ። በመጨረሻም «ያለ ድጋፍ ለረጅም ጊዜ መቆም ይችላሉ» ብላ አሰፈረች፤ ዓይኗ ያየውን ነውና አልዋሸችም። መኪናዋ ከፓርኪንጉ ሳይወጣ አባባ ምንጣፉ ላይ መዘርጋታቸውን፣ ከዚያም ሳምንቱን አልጋ ላይ ማሳለፋቸውን ግን የሚያስገባ ቦታ በቅጻችሁ ላይ አልነበረም።

፪. ስለ ጥያቄዎቹም ሳላመሰግን አላልፍም። ሽማግሌን በምራታቸው ፊት፣ ያውም በስልክ አስተርጓሚ፣ ገላዎን ራስዎ ይታጠባሉ ወይ ብሎ መጠየቅ እንዴት ያለ ብልኃት ነው! «እንዴታ!» አሉ፤ ሌላ ምን ይበሉ? ምግብ ያበስላሉ ወይ ሲባሉ «ምን ችግር አለ!» አሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ምድጃን የሚያውቁት በሩቁ ነው። ደረጃ ይወጣሉ ወይ ሲባሉም «በጌታ ጉልበት!» ብለው መለሱ። ወረቀታችሁ ላይ የተጻፈው «ደረጃ ይወጣሉ» የሚል ብቻ ነው፤ ጌታ መንገድ ላይ የት እንደቀረ አላውቅም። እኔ ከኋላቸው ሆኜ በእጄም በቅንድቤም አይደለም፣ አይደለም ስል ሚስ ካሮል አየችኝና «ምራታቸው ዕረፍት ያስፈልጋታል» ብላ ጻፈች። ተባረኪ ብያለሁ። ዕረፍቱን የሰጣችሁት ግን ለየምስራች ነው።

፫. የማስታወስ ፈተናውስ! ቀኑን ብትጠይቃቸው ቀኑን ከነወሩ ከነዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነገሯት፤ አንዲት ቀን አልሳቱም። ሰዓቱን ብትጠይቃቸው አራት ሰዓት ነው አሉ፤ በእናንተ አሥር መሆኑ ነው፣ ልክ ነበሩ። አገር የሚመራው ማን ነው ስትላቸው ግን አንገቷ ላይ ያለውን ባጅ አዩና «እኔ ፖለቲካ ውስጥ የለሁበትም» አሉ፤ እሳቸው ባደጉበት ዘመን እስክሪብቶ ለያዘ ሰው ስለ መንግሥት አይወራም። እናንተም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የቀሩ፣ ቀንና ሌሊት የተምታታባቸው ሰው አደረጋችኋቸው። የቸርቻችንን ሰው ሁሉ ከነልጁ ከነልጅ ልጁ በቃላቸው የሚያውቁትን ሰው! ታማሚውን እግር አዳናችሁት፣ ደህናውን ራስ አሳመማችሁት።

፬. ለዚህም መድኃኒት እንዲሆን ኬኔሶ ወደሚገኝ የማስታወስ ልምምድ ክበብ በባስ ይመላለሱ፣ እስከ ፌርማታው ያለውም መንገድ ለእግራቸው ጥሩ ነው ብላችሁ መክራችኋል። ከኖርክሮስ ኬኔሶ በባስ! ይህን ያሰበልን ወንድማችን ራሱ አንድ ቀን ሞክሮት፣ በዚያው ቀን ከተመለሰ ይንገረን።

ልጄ ርብቃ ደብዳቤያችሁን አንብባ «ማሚ፣ ኮንግራጁሌሽንስ፣ አባባ ፓስ አደረጉ» አለችኝ። በቤታችን ፈተና አልፎ የተቀጣ ሰው ሲኖር አባባ የመጀመሪያው ናቸው።

እናንተን ላለማስቸገር እኛም ጥረናል። ሰው ሲመጣ ይቀመጡ ብለን ለመንን፤ «ሰው ቆሞ እኔ ልቀመጥ? ከብት ነኝ?» አሉን። የቸርቻችን ሽማግሌ ጋሽ ብርሃኑ ሊመክሯቸው መጡ፤ ለእሳቸውም ተነሱላቸው።

ቀልዱን ትቼ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ማክሰኞ አባባ ብቻቸውን ሳሉ ዕቃ የሚያደርስ ልጅ በር አንኳኳ። ሊቀበሉት ተነሱና ወደቁ። ከሥራ ስገባ ያገኘኋቸው ወለሉ ላይ ነው። አጥንታቸው አልተሰበረም፣ ጌታ ይመስገን። ያዘኑት ግን ስለ መውደቃቸው አልነበረም፤ «እንግዳው ሳይገባ ተመለሰ» ብለው ነው። ሲቀጥል ምን እንደሚሆን እኔ አልጽፈውም፤ መጻፍ የእናንተ ሥራ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ናት። ሚስ ካሮልን መልሳችሁ ላኳት፤ አሁን ግን ለአንድ ሰዓት ሳይሆን ቤተኛ እስክትሆን ትቆይ። ምሳ አለ፣ ሶፋ አለ። ከሰዓት በኋላ አባባ እንግድነቷን ሲረሱት «ልጄ፣ እስቲ ደግፊኝ» ይሏታል፤ ያኔ ትጻፍ። እስከዚያው የምስራችን መልሱልን።

በታላቅ አክብሮት፣ እጅ በመንሳትና ሁልጊዜም በትዕግሥት ስልክ ላይ የሙዚቃችሁን ዜማ በመስማት የምትጠብቃችሁ፣

ወይዘሮ ውባየሁ፣ ከኖርክሮስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ለአባባ ባነብላቸው «ሰው እንዲህ አይነካም» ብለው ተቆጡኝና ሁላችሁንም እሁድ ከቸርች መልስ ምሳ ጠርተዋችኋል። በር ድረስ ወጥተው ሊቀበሏችሁ ቆርጠዋል። ልትደርሱ ስትሉ ብቻ አስቀድማችሁ ደውሉልኝ፤ እኔና የምስራች ግራና ቀኝ ብብታቸውን ይዘን እናቆማቸዋለን። እሁድ እሁድ የምስራች የምትመጣው ማንም ሳይከፍላት ነው። እሷ አባባን የምታውቃቸው ያለ ምዘና ነዋ።