«ጨረስነው» የምትለዋ ቃል

ይድረስ በናይሮቢ ለምትኖሪው ለእህቴ ለኢልሃም፦

አሰላሙ ዓለይኪ። እንደምን ከረምሽ? ያ ክረምት ከበጋ የማይለቅሽ ሳል ተወሽ ወይ? ባለቤትሽ ሥራው ተቃናለት? ልጆቹስ አማርኛውን ሳይረሱ አደጉ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እናታችን ጉልበታቸውን ቢያማቸውም አንደበታቸው እንደ ድሮው ነው፤ «ስለ ሰው አገር ጦርነት ከምትጽፍ ስለ ራሷ ጤና ብትጽፍልኝ ምን ነበረበት» ይላሉ።

ዘንድሮ ኔትዎርኩ ሲመጣ ሲሄድ፣ መንገዱም ሲከፈት ሲዘጋ ነው የከረመው። ቆሮሶ ዓሣ እንደ ልብ አይገኝም፤ ቢገኝም በረዶው ሳይቀልጥ መሸጥ አለብኝ። ወዳንቺ የሚመለስ ሰው ሳገኝ በስልክ የማይሆነውን ነገር ልጽፍልሽ ቆረጥሁ።

መሥሪያ ቤትሽ ስለ ሶማሊያው የፀረ ሽብር ጦርነት ያወጣው ጥናት እኛም ቤት ገብቷል። ያስገባችው ሪሃና ናት፣ የአጎታችን ልጅ የአንዋር ሴት ልጅ። ኮሌጅ ከገባች ወዲህ ባንቺ ስትኮራ ስለ ኖረች፣ «አክስቴ የጻፈችው» ብላ ከስልኳ ፈልጋ አነበበችው። ውስጡ «በጣና ዳር ጀልባ የሚሠራ የቀድሞ ወታደር» ይላል። ስም አልጠራችሁም፤ ግን ሶማሊያ ዘምቶ ተመልሶ እዚህ ጀልባ የሚሠራ ከአንዋር ሌላ ማን አለ? ያ ሰው «መንደሩን ደመሰስነው» አለ ይላል እንግሊዝኛው። ልጂቱ ከዚያ ወዲህ ከአባቷ ጋር አንድ ማዕድ አልቀረበችም።

አምና መጥተሽ የአንዋርን ድምፅ ስትቀጂ አጠገብሽ ነበርሁ። ያለው «መንደሩን ጨረስነው» ነው፤ ፈትሸን ጨረስን ማለቱ ነው። እኔ ከገበያ ገብቼ «ዓሣውን ጨረስሁት» ብል ሸጥሁት እንጂ ፈጀሁት ማለቴ ነው? በተርጓሚያችሁ አልፈርድም፣ የጣናን ሰው አነጋገር ከየት ያውቀዋል። አንቺ ግን የዚህ ልጅ ነሽ። እኔ ለአንድ ኪሎ አምባዛ ሚዛኑን ሁለቴ አያለሁ፤ አንቺ የዘመድሽን ቃል መልሰሽ ሳትሰሚ ፈረምሽበት። የቆጨኝ ይኸ ነው።

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት መልስ ሪሃናን ይዤ አንዋር ወደሚሠራበት ዳርቻ ሄድሁና በፊቷ ጠየቅሁት። ጣውላውን እየላገ «እንግሊዝኛው የእነሱ ነው፣ የኔ ጣውላ ነው» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። ሪሃና «አባ፣ አትቀልድ። ገድላችኋል ወይስ አልገደላችሁም?» አለችው። መላጊያውን አስቀመጠ።

ያን ቀን አንድ ጥይት አልተተኮሰም አለ። ቤት ለቤት ፈትሸው አንድም ታጣቂ አላገኙም፤ የመንደሩ ሽማግሌ ፀሐይ እንደ በረታባቸው አይቶ የግመል ወተት በቅል አቀረበላቸው፣ ሰው ሁሉ እያየም ጠጡ። ከወራት በኋላ በዚያው ሲያልፉ ቤቱ ሁሉ ተቃጥሏል። ያመለጠች አንዲት ሴት ታጣቂዎቹ «ወታደር ያጠጣችሁ» ብለው እንደ መጡባቸው ነገረቻቸው። «እኛ ፈትሸን ጨረስነው፤ እነሱ ስለ ወተቱ ጨረሱት» አለ አንዋር። «ኢልሃም መንደሩ ከታጣቂ ጸድቶ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ ጸድቷል አልሁ። ከዚያ በኋላስ ምን ሆነ አላለችኝም። ወተቱን የጠጣ ሰው ደግሞ ሳይጠየቅ ማውራት ይከብደዋል።»

ጣውላውን እንደገና ሲያነሣ ሪሃና ሄዳ ሌላውን ጫፍ ያዘችለት። እንደምታውቂው የዋልሁበትን በማስታወሻዬ ሳልጽፍ አልተኛም፤ የዚያን ቀኑን ግን እጄ እምቢ አለኝ።

እንግዲህ እህቴ፣ ያቺን ቃል አርሚ። አርመሽም አትተይው፤ ወተቱንም ጨምሪበት። ይህን ያህል ዓመት የቆየ ጦርነት ማን እንዳሸነፈ ስትመዝኑ ያ ቅል ከሚዛኑ ላይ ካልተቀመጠ ሚዛኑ ይዋሻል። ከዚያ በፊት ግን ለሪሃና በገዛ እጅሽ ጻፊላት። ከአባቷ አፍ ሰምታለች፣ እኔም መስክሬያለሁ፤ ይሁን እንጂ ክፉውን ያመነችው አንቺ ስለ ጻፍሽው ነው።

እናታችን ሀጂራ ዱዓቸው አይለይሽም። ባለቤቴና ትንሹ አሕመድ በጣም ሰላም ብለውሻል። አንዋር «ሰላም በላት፣ አልተቀየምሁም» ብሏል። የሪሃናን ሰላምታ ግን ልልክልሽ አልቻልሁም፤ ስጠይቃት «መጀመሪያ እሷ ትጻፍልኝ» አለች።

ወንድምሽ ቡርሀን
ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.