ለቁንጫዋ መኪና የሞትኩት ሞት

ለወንድሜ ለኃይሌ፣

እንደምን ከርመሃል? ክረምቱስ እንዴት ይዞሃል? ያ በብርድ የሚነሳብህ ወገብህ፣ ዓይንህ፣ ጉልበትህ ደህና ነውን? ባለቤትህ ፀዳለስ ደህና ናት? ልጆቹ ትኩሳት ሳይጎበኛቸው ከረሙ? ደጅህ፣ ጎረቤትህ፣ ሱቅህ ሰላም ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህችን ቃል ተመልሰህ አንብባት። ደህና ነኝ፤ እህል እበላለሁ፣ እቆጣለሁም። እንዲህ የምልህ የአገር ልጆች ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጅህ ላይ ተሰብስበው ደበሌ ሞተ ሊሉህ ስለሆነ ነው። ምናልባት ብለውህ ይሆናል። አልሞትኩም። ልጅህ ፈቃደም አልሞተም፤ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተጋድሞ ጣሪያውን ያያል።

ወረቀቱን የሚያመጣልህ ጎረቤታችን ሸምሶ ነው። ቅቤው የተጠቀለለበትን ኮባ ስትፈታ ታገኘዋለህ። አንብበህ ስትጨርስ እሳት ውስጥ ጨምረው። ቅቤ ስለ ጠጣ ቶሎ ይነድዳል።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። ጣሊያን ወልቂጤ ላይ ከሰፈረ ወዲህ ክረምቱ የእኛ እንደ ነበር ታውቃለህ። ዝናቡ ሲጀምር ከባዱ ካሚዮን እስከ ሆዱ ጭቃ ውስጥ ይገባል፤ ወታደሩም ከምሽጉ አይወጣም። ጫካ ያሉት ልጆች ያን ጊዜ ሰው ቤት ገብተው ይተኛሉ፣ ልብሳቸውን ያደርቃሉ። ዘንድሮ ግን ታናሽ መኪና አመጡ። ከሁለት በቅሎ አትበልጥም። ጣሪያዋ ሸራ ነው፣ አራት ሰው ትይዛለች፣ ከኋላዋ መትረየስ ተተክሎባታል። ጭቃ ሲይዛት ወታደሮቹ ወርደው እንደ በግ አንስተው ደረቅ ላይ ያስቀምጧታል። ካሚዮኑ ዋቤ ወንዝን ሲሻገር ሲያጓራ ከዚህ እንሰማው ነበር፤ እሷን የምትሰማት አጥርህ ሥር ከደረሰች በኋላ ነው። አስተርጓሚው ባሊላ ይላታል። እኛ ቁንጫ ብለናታል፤ ትዘላለች፣ ትነክሳለች፣ ስትፈልጋት የለችም።

ከሁሉ የከፋው የምትሄድበት ነው። በመንደሩ መሀል የሚዘልቀውን ሰፊውን የሣር መንገዳችንን፣ ጀፎረውን አስብ። አባታችን ድንጋዩን ለቅሞ ያቆየው፣ እኔም ማንም እንዳይገፋበት፣ ጉቶ እንዳይቀርበት፣ ጉድጓድ እንዳይማስበት ስከስና ስጣላ ያረጀሁበት ሣር ነው። ለፈረስ፣ ለሸንጎና ለለቅሶ ያጸዳነው ለቁንጫዋ ሆነላት። ካሚዮን አፍንጫውን ያላስገባበትን አገር እሷ ሣር ለሣር ከጉብሬ እስከ ጉንችሬ ትደርስበታለች። ሰው ሁሉ በእኔ ተሳለቀ። ሸምሶ እንኳ፣ ደበሌ፣ አንተ ለጣሊያን ያለ ደመወዝ መንገድ ስትሠራለት ኖረሃል አለኝ። ቆፍረን በሣር እንሸፍነው፣ ትግባበት ያሉም ነበሩ። እምቢ አልኩ። ጀፎረ አይቆፈርም። ብትገባበትስ በማግስቱ መንደሩ ይቃጠል የለም? ፈሪ አሉኝ። ይበሉ።

ፈቃደ የቆሰለው በዚህችው መኪና ነው። ክረምት ነው ብለው ተዘናግተው ከጫካ ጓደኞቹ ጋር ዋቤን ወዲህ ሲሻገር ደረሰችባቸው። ጥይቱ ጭኑን በስቶ ወጣ። አጥንት አልነካም፤ ደም ግን ብዙ ፈሰሰ። ጓደኞቹ ተሸክመው አመጡልኝና ጓሮዬ እንሰት ውስጥ ደበቅነው። በማግስቱ ወታደሮቹ ከታች በኩል ቤት ለቤት መፈተሽ ጀመሩ። ቁንጫዋም ጀፎረውን ሽቅብ ቁልቁል እየተመላለሰች የሚያቋርጠውን ሁሉ ትጠብቃለች። ልጁን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው ወደ ሸምሶ እናት ቤት ማሻገር ነበረብን። ከዚያ ለመድረስ ጀፎረውን ማቋረጥ ግድ ነው። ሣሩ ደግሞ ራቁቱን ነው፤ ድመት ብታልፍበት ትታያለች።

መላውን ያመጣው ሸምሶ ነው። ቃሬዛ ላይ የተሸፈነን ሰው ማንም አይገልጥም፤ አስክሬን ነው ብለን እናሻግረው አለ። ታዲያ ማን ሞተ እንበል ተባለ። አንዱ የአንዲት አሮጊት ስም አነሳ። ሸምሶ ራሱን ነቀነቀ። ለአሮጊት ስንት ሰው ይወጣል? ቁንጫዋ በጎን ታልፋለች፣ ቀርባም ታያለች፤ ጀፎረውን ከአጥር እስከ አጥር የሚሞላ ለቅሶ ነው የሚያስፈልገን፤ መሞት ያለበት ትልቅ ሰው ነው አለና ወደ እኔ አየ። ሁሉም ወደ እኔ አዩ።

እኔ ዋሽቼ አላውቅም አልኩ። በውሸት ስንቱን በሸንጎ ፊት ያስቀጣሁ ሰው ዛሬ ሞቻለሁ ብዬ ልዋሽ? ባለቤቴ ሰገነት ነጠላዋን እያዘቀዘቀች፣ አንተ ምን ትዋሻለህ፣ የምንዋሸው እኛ ነን፤ ካንተ የሚፈለገው ዝም ማለት ነው፤ ለነገሩ እሱ ነው የሚከብድህ አለችኝ። ሰዎቹ ሳቃቸውን ዋጡ። ልጁ እንሰቱ ውስጥ ሲያቃስት ሰማሁት። እሺ አልኩ።

ከጓሮ እንዳትወጣ አሉኝ። የራሴን ነገር ለሰው ጥዬ እንደማልቀመጥ ታውቃለህ። አጥሩ ጥግ እንሰት ሥር ተሸሽጌ ለቅሶዬን ተከታተልኩ። ከተሸካሚዎቹና ከጥቂት ሰው በቀር ምስጢሩን የሚያውቅ የለም፤ ሕዝቡ ያለቀሰው የእውነት ነው። የከሰስኳቸው ሁሉ መጡ። አልቃሿ ደረቷን እየመታች፣

አንድ ስንዝር ገፋህ ብሎ የሚካሰስ፣
በሦስት ክንድ አፈር ታረቀ ወይ ዛሬስ።

አለች። ይህ ስድብ ነው እንጂ ሙሾ ነው? ሰው ግን ይህን ሲሰማ ባሰበት። እኔም በጋቢዬ ጫፍ አፍንጫዬን ጠረግኩ፤ ከብርዱ ነው።

ቃሬዛው መሀል ጀፎረ ሲደርስ ቁንጫዋ መጣች። ማለፊያ አጥታ ቆመች። ውስጧ ያለው ጣሊያን መኮንን የፊት መስተዋቱን ይዞ ተነስቶ ጮኸ። አስተርጓሚው ካሳሁን ነው፤ ከሰሜን መጥቶ ጉብሬ ገበያ ላይ ማመልከቻ ይጽፍ የነበረው። ማን ነው የሞተው? አለ። ደበሌ ሲሉት፣ ያ ግትር ሽማግሌ? ባለፈው ሰሞን ገበያ መሀል ሰድቦኝ አልነበር? አለ። ሸምሶ ቀበል አድርጎ፣ ገና አልጨረሰም ነበር፣ የቀረው ስድብ አንቆ ገደለው አለው። መኮንኑ ረጅም ነገር ተናገረ። ካሳሁንም፣ ጌታዬ ሽማግሌ ያከብራል፤ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ቃሬዛውን ከመኪናው ላይ አጋድሙትና በክብር እናደርሰዋለን ይላል አለ።

ከእጃቸው ከገባ ልጁ አለቀለት። ሰገነት ግን መኪናይቱ ፊት ሄዳ ቆመች። ባሌ በቁሙ የእናንተን ጨው አልቀመሰም፤ ሞተ ብላችሁ ልታዋርዱት ነው? እዚያች ነገር ላይ ብትጭኑት ተነስቶ ይወርዳል አለች። ሰው በእንባው መሀል ሳቀ። ካሳሁን ያን ሁሉ ንግግሯን በሦስት ቃል ጨረሰው። ምን ብሎ እንደ ተረጎመው እስከ ዛሬ አላውቅም። መኮንኑ ባርኔጣውን አወለቀ።

ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከቃሬዛው ሥር ደም ሣሩ ላይ ጠብ ብሏል። ሙት አይደማም። ካሳሁንም ቁልቁል አየ። ከመኪናይቱ ወረደና ባለቤቴን ሊያጽናና እንደ መጣ ሰው ቀርቦ ጫማውን በደሙ ላይ አሳረፈ። ቃሬዛው አልፎ ሕዝቡ እስኪከተል ድረስ እግሩን አላነሳም። ከዚያ፣ ሰገነት በኋላ እንደ ነገረችኝ፣ ቀስ ብሎ፣ አዲስ አበባ ያለው ወንድሙ ለመስቀል ይመጣ ይሆን? አላት። መልስም አልጠበቀም። ቁንጫዋ መዞሪያ አጥታ የኋሊት እየተንገዳገደች ሄደች።

ልጁን ሸምሶ እናት ቤት በሰላም አስገባነው፤ ሲመሽ እኔም ተከተልኩት። መቃብሬ ውስጥ በእሱ ምትክ የገባው በአቡጀዲ የተጠቀለለ የእንሰት ግንድ ነው። ለመፋቅ የደረሰ ምርጥ እንሰት ነበር፤ ሳይጠይቁኝ ቆረጡት። ቄሱ አባ አስረስ በግንድ ላይ ፍትሐት አልደግምም ብለው ስለ ቁስለኛው ዳዊት ደገሙ። ለዚህ አከበርኳቸው።

አሁን እረፍት የነሳኝ የካሳሁን ጫማ ነው። ሸሸገልን? ወይስ ዋጋው እስኪያድግ ለራሱ አስቀመጠው? ያንተን መምጣት የጠየቀው አትምጣ ሊልህ ነው ወይስ ስትመጣ ሊይዝህ? ሸምሶ፣ ካሳሁን ያገር ሰው ነው፣ ያዝንልናል ይላል። ሰገነት ትጸልይለታለች። እኔ አላምነውም፣ አልጠላውምም፤ በሁለቱ መሀል መቆም ደግሞ አልለመድኩም። መኪናይቱ በዚህ ባለፈች ቁጥር ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ስትርቅ እነሳለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ልጅህ፣ አጎቴ፣ እንዳንተ ያለ ሥራ የበዛበት ሙት አላየሁም ይለኛል።

ትናንት በግድግዳው ስንጥቅ ወደ ጀፎረው ሳይ ምን ባይ ጥሩ ነው? ከታች ያለው ጎረቤታችን መሞቴን ሰምቶ አጥሩን ነቅሎ ወደ ሣሩ እየገፋ ይተክላል! አፈሬ እንኳ ሳይደርቅ! ዱላዬን አንስቼ በሩ ላይ ደረስኩ። ፈቃደ በቁስለኛ እግሩ ተነስቶ በሩን ይዞ ቆመ። አጎቴ፣ ሂድ፤ ግን መጀመሪያ እኔን ረግጠህ እለፍ አለኝ። ቁስሉ ተከፍቶ ደሙ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ወረደ። ዱላዬን አስቀመጥኩ። ከጀመርኩት ነገር ተመልሼ እንደማላውቅ አንተ ምስክሬ ነህ። ተመለስኩ።

እንግዲህ የምልህን ስማ። ለመስቀል አትምጣ። አገር ሁሉ ሲገባ አንተ መቅረትህ ያስጠይቃልና፣ ያለ ወንድሜ የመስቀል ክትፎ አይወርድልኝም በል፤ ሐዘንተኛን ማንም አይመረምርም። የአገር ልጆች ሲመጡ ሱቅህን ዝጋና አልቅስ። እኔን አስበህ እንባ እንደማይመጣልህ አውቃለሁ፤ ቁጣዬ ነው ትዝ የሚልህ። ልጅህን አስብ፤ ያን ጊዜ እንባህ የእውነት ይሆናል። ፈቃደ እግሩ ጸንቶ ጊቤን እስኪሻገር ድረስ ሙት ነኝ። ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ከመቃብሬ እነሳና ያንን አጥር በእጄ እነቅለዋለሁ።

ለፀዳለ ስለ ደግነቷ የምላት ብዙ ነበረኝ፤ አትንገራት። እሷ ካላለቀሰች ያንተን ለቅሶ ማንም አያምነውም። ልጅህን ብርቄን ግንባሯን ሳምልኝ፤ በራስህ ስም ሳማት። ታናናሾቹንም እንዲሁ። ቅቤው ከማን ነው ቢሉህ ከሸምሶ ነው በላቸው። ሁሉንም በየስማቸው እጠራቸው ነበር፤ ሙት ግን ሰላምታ አይልክም።

ወንድምህ ደበሌ

ከጉብሬ በላይ
ነሐሴ ፳፰ ቀን ፲፱፻፴፪ ዓ.ም.