ከመድረኩ ሥር

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን

ለሚጣዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ የኔ ዓለም? የአባትሽስ ወገብ ተሻለው? ቁመትሽ እኔን እንዳለፈ ነግሮኛል፤ «ሚጣ» ስልሽ እንደማትወጂም አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ አፌ ለምዶታል። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ። ከመድረክ ሥር ባለች ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ሃያ ዓመት ኩርምት ብሎ የተቀመጠ ሰው ጉልበት ሌላ ምን ይሆናል?

ትንሽ ሆነሽ አንድ ቀን ይዤሽ ብወርድ «እማ፣ ምን አጥፍተሽ ነው እዚህ የከተቱሽ?» ብለሽ አስቀሽኛል። ሥራዬ ተዋናዩ ቃል ሲጠፋው ከታች ሹክ ማለት እንደሆነ ነገርኩሽ። አንድ ቀን ግን ራሴ ወጥቼ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ እንደምጫወትም ነገርኩሽ። አባትሽ ሥራው ወደዚያ ከተማ ሲዛወር ስድስት ዓመትሽ ነበር። «እናንተ ቅደሙ፤ ዘንድሮ ይሰጡኛል፣ አንድ ዓመት ተጫውቼ እከተላችኋለሁ» አልኩ። በየዓመቱ ይህንኑ አልኩ። ይኸው አሥራ ሰባት ሞላሽ።

ባለፈው ወር ዋናዋ ተዋናይ እግሯን ወለም አላት። ቃሉን በሙሉ ከኔ በቀር የሚያውቅ ስላልነበረ አዘጋጁ «በይ ውጪ!» አለኝ። ቀሚሷ አልበቃኝ ብሎ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ አያያዙልኝ። የመጀመሪያው ቀን ጉድ ሆንኩ። ባሌን የሚጫወተው ሰውዬ ሆን ብሎ ዝም ሲል ቃል የጠፋው መስሎኝ ሹክ አልኩት! የራሴንም ቃል ሳላውቀው በሹክሹክታ ነበር የምናገረው። «አይሰማም!» ብሎ ከኋላ አንዱ ሲጮህ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ደውዬ ያለቀስኩብሽ ያን ቀን ነው። «ነይ» ትይኛለሽ ብዬ ስጠብቅ «እማ፣ ስላቃተሽ ከሆነ እንዳትመጪ» አልሽኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ተቀየምኩሽ።

በሦስተኛው ቀን ድምፄ ወጣ። ከየት እንደመጣ እንጃ። ያ ሰውዬ ዝም ሲል እኔም ዝም አልኩ፤ አዳራሹም አብሮን ዝም አለ። ሲያልቅ ቆመው አጨበጨቡልኝ። አዘጋጁ ከመጋረጃው ጀርባ ክንዴን ይዞ «የሚመጣው ዓመት ያንቺ ነው። እስከዚያ ግን ወደ ቦታሽ» አለኝ።

ዋናዋ ስትመለስ እኔም ወረድኩ። ማንም አልገፋኝም፤ የወሰደኝ የገዛ እግሬ ነው። ክዳኑንም ራሴ ዘጋሁት። አቧራው፣ ያቺ ትንሽ አምፖል፣ ከራሴ በላይ የሚራመደው ጫማ። ያለምኩትን አግኝቼ ደስ ሊለኝ ሲገባ ዓመት መቁጠር ጀመርኩ። አንድ ዓመት ልጠብቅ፣ አንድ ዓመት ልጫወት፣ ከዚያስ? ያኔ አንቺ የራስሽን ኑሮ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ፈራሁ ልጄ። መቆየቱንም መውጣቱንም ፈራሁ።

ትርኢቱ እንዳበቃ ወደ አዘጋጁ ቢሮ ወጣሁና «በቃኝ» አልኩት።

«ምኑ?»

«ሁሉም። ጉድጓዱም፣ የሰጠኸኝም።»

«አብደሻል እንዴ አንቺ ሴትዮ? ሃያ ዓመት የለመንሽኝን ስሰጥሽ?»

የተውኔቱን ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ። ደረጃው ላይ ልመለስ ብዬ ሁለት ጊዜ ቆሜአለሁ።

ሐሙስ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። እናንተ ቤት አልገባም፣ አትጨነቂ፤ ከትምህርት ቤትሽ ጀርባ አንዲት ክፍል አግኝቻለሁ። ስትፈልጊ ነይ፣ ካልፈለግሽም ቅሪ፤ አልቀየምም።

ሰጥተውኝ ትቼው እንደወጣሁ በኩራት ልጽፍልሽ ነበር ብዕር ያነሳሁት። ግን አንቺን መዋሸት ይብቃኝ። ባይሰጡኝ ኖሮ ዛሬም እዚያው ነበርኩ። ላንቺ ብዬ አልወጣም ነበር።

የጀመርሽው ሁሉ ይቅናሽ፤ ያልቀናሽ ቀን ደግሞ መተዉ አያስፈራሽ።

እናትሽ