የዘለልኩት ገጽ

ማክሰኞ፣ ጥር 12

እዚህ ባህር ማዶ፣ ጋሃና ከተማ፣ የማስታምማቸው ሽማግሌ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ዛሬ የቅድመ አያታቸው ታሪክ የተጻፈበትን መጽሐፍ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። ሰውየው የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነበር፤ ከመቶ አለቅነት ተነስቶ ኮሎኔል ሆኗል። ሹመቱን አንብቤ ገጹን ስገልጥ፣ በበረዶ ወቅት የአገሬውን ተወላጆች መንደር ከነልጆቻቸው ያቃጠለበት መጣ። የሰው ቅድመ አያት በዘሩ ፊት እንዴት ይወቀሳል? ይሉኝታ ያዘኝ። ዘለልኩና ጡረታ የወጣበትን ማንበብ ቀጠልኩ። ዓይናቸው ሳይጠፋ ስንት ጊዜ እንዳነበቡት አላሰብኩም።

ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ «ልጄም ስታነብልኝ የምትዘለው እዚያው ጋ ነው» አሉኝ።

ገጹን መልሼ ገለጥኩት። ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘንብለው ጠበቁ። እኔ ግን መጽሐፉን ዘጋሁት።