ሁለቱም ፈረቃ በአንድ ጠዋት

ትምህርት ቤትሽ አይዘጋም! ሰላምታው ይቆየን፣ መጀመሪያ ይህን ስሚ፤ አይዘጋም፣ እንዲያውም አዳዲስ ክፍሎች ሊሠሩለት ነው።

ውድ እትዬ፣ አሁን እንደምን አለሽ? እኔማ አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል። የደንበኛ ቀሚስ የስፌት መኪናው ላይ እንደተሰካ ትቼ ነው የምጽፍልሽ።

ባለፈው በስልክ፣ ትምህርት ቢሮው የወሰነውን አንቺ ልታስቀሪው ነው ወይ፣ አርፈሽ ልብስሽን ስፊ ብለሽኝ ነበር። ከሐዘንሽ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ዕድሜሽን ሙሉ ያስተማርሽበት ቤት ነው። ግን እንዴት ልረፍ? ትንሿ ልጄ መኪና የሚከንፍበትን ያን አውራ ጎዳና እየተሻገረች ሌላ ሰፈር ልትማር ነበር እኮ።

ነገሩን ላስረዳሽ። መንግሥት በጀት የሚመድበው በተማሪ ቁጥር አይደል? ከቢሮው የተላከው ተማሪ ቆጣሪ ጠዋት መጥቶ ዴስክ ላይ ያገኘውን ልጅ ቆጥሮ ሄደ። ከሰዓት እነዚያው ዴስኮች ላይ ሌሎች ልጆች እንደሚቀመጡ ማንም አልጠየቀም። የሁለት ፈረቃ ወጪ ለጠዋቶቹ ልጆች ብቻ ሲካፈል፣ የአንዱ ተማሪ ወጪ እጥፍ ሆነና ትምህርት ቤቱ ውድ ነው፣ ይዘጋ ተባለ። ርዕሰ መምህሩ ሲመላለስ ጫማው አለቀ። በመጨረሻ ድጋሚ ይቆጠርላችሁ አሉት፤ ግን ቆጣሪ የሚወጣው አሁንም ጠዋት ብቻ ነው።

ጠዋት ከሆነ ጠዋት ይሁን አልኩ። ቤት ለቤት ዞርኩ፤ ወሬዬ ስለማያልቅ ሬዲዮ እያሉ የሚቀልዱብኝ እናቶች ያን ሰሞን አፌን መረቁልኝ። በቆጠራው ቀን ሁለቱም ፈረቃ አንድ ላይ ገባ። ዴስክ ላይ ተደራርበው፣ መስኮት ላይ ተንጠልጥለው፣ የመምህሩ ጠረጴዛ ሥር ሳይቀር። ርዕሰ መምህሩ ላቡን ይጠርጋል፣ እኔ በሩን ይዤ ቆሜያለሁ።

ቆጣሪው አንገቱን አስግጎ ቀረ። "እንዴ እናቴ፣ ይሄ ሁሉ ልጅ የት ነው የሚቀመጠው?"

"እኛም ስንጠይቃችሁ የኖርነው እሱን ነው" አልኩት። "ግባና ቁጠር፣ የኔ ልጅ።"

እየተጋፋ ቆጠረ። ሊወጣ ሲል ትንሿ ልጄ ከጠረጴዛው ሥር ሱሪውን ጎትታ "እኔን ዘለልከኝ" አትለው መሰለሽ? ተንበርክኮ ቆጠራት።

ውሳኔው ዛሬ ተነገረን፤ በጀቱ በሁለቱም ፈረቃ ልክ ነው፣ ክፍልም ይጨመራል። ስለዚህ ለደስታችን ድግስ ደግሰናል፤ ጉልበቴን አመመኝ እንዳትዪኝ። ባልሽንም ልጆችሽንም ይዘሽ ነይ፣ ያስተማርሻቸውንም ጥሪያቸው። ወንበር አይበቃም፤ እንደ ልጆቹ ተጠጋግተን እንቀመጣለን።

ሬዲዮዋ እህትሽ ነኝ። ድግሱ እዚያው ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ነው፣ የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት።