የሐሙስ ውሃ

ቂርቆስ፣ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ልዩ፣

ዶሃ ሙቀቱ በረድ አለልሽ? እኔ ደህና ነኝ። ያስቸገረኝ ጉልበቴ ብቻ ነው፤ እሱም ቤት ፍለጋ ስላንከራተትኩት ቂም ይዞብኝ ነው። የካዛንቺሱ ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ እዚህ ቤተክርስቲያኑ አጠገብ የተከራየኋትን ክፍል ለምጃታለሁ፣ አታስቢ።

«አባዬ፣ የሚከራይ ቤት ግዛልኝ፤ ሰፈሩን አንተ ምረጥ» ያልሽኝ ቀን ምሳ አልበላሁም። ደስታም ፍርሃትም ነው። ዘጠኝ ዓመት በሽተኛ ስታስታምሚ ያጠራቀምሽው ነው፤ ብሳሳት ሌላ ዘጠኝ ዓመት ከየት አመጣልሻለሁ?

ደላላው ረጋሳ መጀመሪያ የወሰደኝ ከከተማው ዳር ወዳለ አዲስ ሰፈር ነው፤ ቀኑ ሐሙስ ነበር። ባለሁለት ፎቅ፣ ስምንት ቤተሰብ የሚይዝ፣ ቀለሙ የሚያብረቀርቅ ቤት። ከስምንቱ አምስቱ ተከራይቷል። አስፋልቱ ደጁ ድረስ ነው፤ ትምህርት ቤትም ታክሲም ቅርብ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ በቃ ወርቅ ነው! ቧንቧውን ራስዎ ይክፈቱት» አለኝ።

ብከፍተው ውሃው እጅጌዬን አራሰው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ሸፍቶ ነበር። ቀብድ ልከፍል ምንም አልቀረኝም።

ግን ሠላሳ አንድ ዓመት በየሰው ደጅ የውሃ ቆጣሪ ያነበበ ሰው ቧንቧ አያምንም። ቅዳሜ ረጋሳ ሳያውቅ ሄጄ የቆጣሪውን ቁጥር በደብተሬ ጻፍኩ። ማክሰኞ ስመለስ ቁጥሩ ያው ነው! አምስት ቤተሰብ የሚኖርበት ግቢ ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ባልዲ አልቀዳም። ፋኢዛ የምትባል ተከራይ ጄሪካን ይዛ ስትገባ ጠየቅኳት።

«አባባ፣ ውሃ እኮ ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው የሚመጣው» አለችኝ እየሳቀች። «ደላሎቹም ገዢ የሚያመጡት ሐሙስ ነው። እኔስ ወር ሲሞላ ልለቅ ነው፤ ከኔ በፊት የነበሩትም አልቆዩም።»

ከዚያ በኋላ በሌሎች ሦስት ሰፈሮች ያየኋቸውን ቤቶች ቆጣሪ እንደዚያው በየቀኑ እየተመላለስኩ አነበብኩ። የመረጥኩልሽ ገላን በኩል ያለውን ነው። ቀለሙ የደበዘዘ ስለሆነ ፎቶውን ስታዪ እንዳይከፋሽ፤ ቀለም ይቀባል። ቆጣሪው በየቀኑ ይዞራል። ተከራዮቹ አስተማሪዎችና ሹፌሮች ናቸው፤ አራት ዓመት የተቀመጡም አሉ።

ረጋሳ ደብተሬን ሲያይ «ጋሼ፣ ኢንጂነር ነበሩ እንዴ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሽ የሞላሽው ፎርም ትዝ አለኝ። የአባት ሥራ በሚለው ላይ «ኢንጂነር» ብለሽ ነበር። አስተማሪሽ ስታሳየኝ አላረምኩትም። ያኔ እኔም ዩኒፎርሜን ቀይሬ ነበር ትምህርት ቤትሽ የምመጣው።

ትናንት ውልና ማስረጃ ሄደን ውሉን ተፈራረምን። ጸሐፊዋ የወኪሉን ሥራ ስትጠይቀኝ አዳራሹ እስኪሰማ «ጡረተኛ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ!» አልኳት። እንዳልኳት ጻፈችው። ስምሽ ከላይ ነው፤ የኔ ከነሥራዬ ከሥሩ አለ። አንድ ቅጂ ልኬልሻለሁ፤ ለጓደኞችሽ አሳዪያቸው።

የደከምሽበትን በጤና ብዪው፤ የዘረጋሽው እጅ ባዶውን አይመለስ። በአንቺ የኮራሁትን ያህል አንቺም በኔ ኩሪ፣ ልጄ።

አባትሽ ፀሃዬ
ቆጣሪ አንባቢው